ወንዙ ሲረጋ የሚተኛው ካርድ

ሐምሌ 2፣ ከጣቢያው

ቆቅዬ፣

ሰላምታዬ ብዙ ነው፣ ተካፈሉት። ግማሹን ለልጄ ለድንቡሼ ስጫት፤ ከቀረውም ላይ ጉንጯን በሳምሽ ቁጥር እየቀነስሽ ጨምሪላት። ላንቺ የሚተርፈው ትንሽ ቢሆን አትቀየሚኝ። አንቺ እሷን አጠገብሽ አድርገሽ ነው የምትኖሪው፤ ከዚያ በላይ ሰላምታ ምን ያደርግልሻል?

እኔ ደህና ነኝ። ወንዙም ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ኮምፒውተሩ ነው።

በሬዲዮ ስታገኚኝ ዝርዝሩን ለምን እንደዋጥኩት ጠይቀሻል። ሬዲዮውን ከላይ እስከ ታች ያለ የጣቢያ ሠራተኛ ሁሉ ይሰማዋል። እህቴና ልጄ ናፈቁኝ ብዬ አንዴ ብተነፍስ ዓመቱን ሙሉ መቀለጃ መሆኔ ነው። ኢሜይሉን ደግሞ አለቃችን ሳያነበው አያሳልፈውም። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል። ሾፌሩ ቀስበቀስ ነዳጅና ዱቄት ባመጣ ቁጥር ደብዳቤ ይዞልን ይመላለሳል። ስሙ የወጣለት በአነዳዱ ነው፤ አደራ ግን አይበላም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቢሮ የሚላክልኝ ሁሉ ይደርሰኛል። አለቃችን «ምነው ዝም አላችሁ» እያለ የሚጽፈው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። የማይወጣው የኔ ነው። መሣሪያው የውሃውን ከፍታ ይለካል፣ ኮምፒውተሩ ይቀበላል፣ ልኬያለሁም ይላል፤ ቢሮ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። የኔትወርክ ካርዱ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ምንም እንዳላጠፋ ሰው ያየኛል። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሳስነሳው ይሠራል። ተገላገልኩ ብዬ ሻይ ልጥድ ስሄድ እንደገና ቀጥ ይላል።

የታችኛው ከተማ ሰው ወንዙ አፍ ላይ ነው የሚተኛው። እስኪስተካከል ድረስ ቁጥሩን በሬዲዮ እያነበብኩ ነው። የጣቢያዎቹን ኮምፒውተሮች የምትጠግኚው አንቺ ስለሆንሽ አለቃችን «እህትሽ ትየው» ብሎ ጉዳዩን ወዳንቺ ገፍቶታል። እሱ ነገር መግፋት ይችልበታል።

ተበላሸ ብለሽ መስመራችንን የዘጋሽበትን የቤቱን ማይክ ነገር እንዴት አደረግሽው? በኮምፒውተሩ የዘረጋሽልን የድምፅ መስመር ክፍት ሆኖ ውሎ ሲያድር ቤታችሁ ውስጥ የምኖር ይመስለኝ ነበር። ፍሪጁ ሲያጉረመርም፣ ድንቡሼ ማንኪያ ስትወረውር፣ አንቺ ለብቻሽ ስትሳደቢ እሰማ ነበር። አሁን የምሰማው ውሃ ብቻ ነው። ውሃ ደግሞ ስሜን አያውቅም።

ሌላ ጉዳይ አለኝ። ውሌ በነሐሴ መጨረሻ ያልቃል። አለቃችን ለሌላ ሁለት ዓመት እንድፈርም ወረቀት ልኮልኛል፤ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። የልጄ አባት ሌላ አግብቶ ጥሎኝ ሲሄድ ይህን ሥራ የያዝኩት አማራጭ አጥቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስመጣ ድንቡሼ ግድግዳ ይዛ መቆም እየለመደች ነበር። አንቺ ምን ትያለሽ?

እህትሽ


ሐምሌ 6፣ ከቤት

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ደረጃው ላይ ቆሜ ጨረስኩት፤ ገብቶ መቀመጥ ትዝም አላለኝ። ሁለታችንም ደህና ነን። ድንቡሼ በሳሎኑ ከዳር እስከ ዳር ትሮጣለች፤ ግድግዳውን አሁን የምትይዘው እርሳስ ስታገኝ ለመሞነጫጨር ብቻ ነው። የላክሽላትን ሰላምታ በደንብ አድርሻለሁ፣ ጉንጯ ቀላ።

ስለ ሥራው ብዙ ጊዜ ፈጅቼብሽ ከሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ። መጀመሪያ ከቀላሉ እንነሳ። ኬብሉ አርጅቶ ይሆናል፤ አዲስ ልኬልሻለሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ካርዱ ሲቆም ኮምፒውተሩን ወዲያው አታጥፊው። ከዚህ ወረቀት ጀርባ የጻፍኩልሽን ትእዛዝ ስታስገቢ ሁለት ቆጣሪ ታያለሽ፤ አንዱ የገባውን ይቆጥራል፣ አንዱ የወጣውን። የትኛው እንደሚቆም ጻፊልኝ። ኮምፒውተሩንም ማጥፋት አያስፈልግሽም፤ ድራይቨሩን ብቻ አውርደሽ መልሰሽ መጫን በቂ ነው። ድራይቨሩ ኮምፒውተሩንና ካርዱን የሚያግባባው ፕሮግራም ነው። እሱ ሲሳሳት ካርዱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በሽተኛ ይመስላል።

ክፍልሽ እንዳይረጥብ ተጠንቀቂ። በዝናብ ወቅት እርጥበት የማይሠራው ነገር የለም።

ማይኩ ገና ነው። ሥራ ተደራርቦብኝ እጄ አልደረሰም፤ አትቀየሚኝ።

ባትጠይቂኝም ልንገርሽ፦ አፏን ፈታለች። ብዙ ቃል ታውቃለች። ቀኑን ሙሉ አታርፍም።

ስለ ወረቀቱ አስቤበት እጽፍልሻለሁ።

ታናሽሽ


ሐምሌ 11፣ ከጣቢያው

ቆቅዬ፣

ኬብሉን ቀየርኩት። ለውጥ የለም። የድሮውን ለውሻው ማሰሪያ ልንጠቀምበት ነው፤ ዘበኛችን ጋሼ «ለውሻ የሚሆን ኬብል መጀመሪያውኑ ለኮምፒውተር አይሆንም ነበር» ብለው ፈርደውበታል።

ቆጣሪዎቹን አየሁ። የገባው ይሮጣል፣ የወጣው ገትሮ ቆሟል። ድራይቨሩን አውርጄ ስጭነው እውነትም ይነሳል። ለትንሽ ጊዜ ይላካል፣ ደስ ይለኛል፣ ከዚያ ይቆማል። ስለ እርጥበቱ የነገርሽኝን አምኜ ኮምፒውተሩን ብርድ ልብሴን አለበስኩት፣ አጠገቡም አምፖል አበራሁለት። እሱ ሞቆት ቁጭ ብሏል፣ እኔ ስንቀጠቀጥ አድሬያለሁ። ጨጓራዬን ልጦታል።

አንድ ነገር ልበልሽ። አንቺ በስምንት ዓመትሽ የአባባን ሬዲዮ ፈታትተሽ የገጠምሽ ልጅ ነሽ። ሁለት ብሎን ተርፎሽ እንኳ ሬዲዮው ይናገር ነበር። ዛሬ ማይክ ለመጠገን እጄ አልደረሰም ስትይኝ ምን ልበል? ካልሆነም የመንገድ ዳር ሱቅ ሁሉ ይሸጠዋል።

«ብዙ ቃል ታውቃለች» ብለሽ ደግሞ አንዱንም አልጻፍሽልኝም። ቃላቷን ላኪልኝ እንጂ። እዚህ ሰው የሚልክልኝ ዱቄትና ባትሪ ብቻ ነው። ማታ ማታ ድምጿን ለማስታወስ እሞክራለሁ፤ የሚመጣልኝ ግን የሕፃን ልቅሶዋ ነው፣ መስመሩ ሳይዘጋ በፊት የነበረው። አሁን ያ ድምፅ የላትም አይደል?

እህትሽ


ሐምሌ 16፣ ከቤት

እትዬ፣

ብርድ ልብስሽን መልሰሽ ልበሺ፣ እባክሽ። ለኮምፒውተር ብርድ ልብስ ያለበሰች ሴት መቼም አንቺ ብቻ ነሽ። ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሞ አንጀቴን በላሽው።

ቆጣሪውን ስላየሽልኝ ተመስገን። ካርዱ ይሰማል ግን አይናገርም ማለት ነው፤ ስለዚህ ኬብልም እርጥበትም አይደለም። ድራይቨሩን ነው የጠረጠርኩት። በፍላሽ ሁለት የቆዩ ድራይቨሮችን ልኬልሻለሁ፤ አንዱን ሞክረሽ እምቢ ካለ ሌላውን ሞክሪ። የሌሎቹ ጣቢያዎች ካርድ ከናንተ ስለሚለይ እነሱ ላይ ይህ ነገር የለም። አንቺ ብቻሽን ነሽ የተያዝሽው።

ቃላቷ እነዚህ ናቸው፦ ውሃ። ጫማ። ነይ። አልፈልግም። ይህን የመጨረሻውን የት እንደተማረችው አትጠይቂኝ። «መብራት» ማለት አቅቷት «ምባት» ትላለች። ድመት ስታይ ደግሞ ድመቱን እንደ ትልቅ ሰው «እንደምን ነህ» ትለዋለች፤ ይህን እንኳ እኔ አላስተማርኳትም።

ስለ ወረቀቱ ጠይቀሽኛል። እኔ የሚመስለኝ ፈርሚ ነው። ሥራው ከባድ ቢሆንም የታወቀ ነው፣ ከተማ መጥተሽ ሌላ እስክታገኚ ብዙ ትንገላቻለሽ። ልጅቷ እጄ ላይ ናት፣ አታስቢ። ለምደናል። ሁለት ዓመት እንደሆነ ሲታሰብ ነው የሚረዝመው እንጂ ሲኖሩት ይሮጣል።

የማይኩን ነገር አውቃለሁ፣ ታዝበሽኛል። ይቅር በይኝ።

ታናሽሽ


ሐምሌ 22፣ ከጣቢያው

ቆቅዬ፣

ቀስበቀስ ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ስለሆነ አጭር ነው።

ሁለቱንም ድራይቨር ሞከርኩ። ያው ናቸው። ሁለተኛው እንዲያውም ከመጀመሪያው ቀድሞ ይቆማል።

ከዚያ ግን ወንዙ መጣ። ከላይ ምን እንደዘነበ አላውቅም፤ ውሃው የመለኪያውን ምሰሶ እስከ ላይኛው ቀይ ቀለም ድረስ ዋጠው። ጋሼ ውሻውን አቅፈው ጣራ ላይ ወጡ። እኔ ኮምፒውተሩ ዛሬ ጉድ ይሠራኛል ብዬ ሬዲዮውን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅኩት። አልቆመም። ሌሊቱንና ቀኑን፣ ከዚያም ሌላ ሌሊት፣ አንድ ቁጥር ሳይጎድል ላከ። የታችኛው ከተማ ሰው በጊዜ ወጥቷል፤ ማንም አልተጎዳም። አለቃችን በሬዲዮ አመሰገነኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ከዚያ ውሃው ወረደ፣ ሰማዩ ጠራ፣ ልብሴን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ካርዱ በዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ቆመ።

ዝናብ ነው ያልሽኝ ተገላቢጦሽ ሆነ። ወንዙ ሲቆጣ አይቆምም፤ ሲረጋ ነው የሚቆመው። ይህ ምን ዓይነት በሽታ ነው?

ፈርሚ ያልሽኝን አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። «ለምደናል» ያልሽው ቃል ላይ ብዙ ቆየሁ። ነይ ትይኛለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ።

እህትሽ


ሐምሌ 27፣ ከቤት

እትዬ፣

ደህና ስለሆንሽ እግዚአብሔር ይመስገን። ዜናውን በሬዲዮ እስክሰማ ድረስ ቀልቤ ተገፎ ነበር። ድንቡሼን ታቅፌ መስኮቱ ጋ ቆሜ ዋልኩ፣ በመስኮቱ የሚታይ ወንዝ ያለ ይመስል።

የጻፍሽው ነገር ግን ወገቤን አስያዘኝ። ወንዙ ሲረጋ ይቆማል ስትይ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ውሃው ሲሞላ መሣሪያው በየደቂቃው ይልካል፤ ሲረጋ ግን በየሰዓቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ካርዱን የሚያቆመው ሥራ አይደለም፣ ሥራ መፍታት ነው ማለት ነው። እንዲህ አድርገሽ ሞክሪልኝ። ወንዙ በረጋበት ቀን ድራይቨሩን እንደገና ጫኚ፤ ከዚያ ከጀርባ የጻፍኩትን ትእዛዝ አስገቢ። ኮምፒውተሩ ለቢሮው በየሰከንዱ ትንሽዬ «አለሁ» የምትል መልእክት ይልካል፣ ሌላ ምንም የለውም። ውሎ አድሮ ካልቆመ በሽታውን አገኘነው።

«ለምደናል» ያልኩት አንቺን እንዲከፋሽ ብዬ አይደለም። እንዴት እንደምጽፈው አላወቅኩበትም። ብዙ ነገር እንዴት እንደምጽፈው አላውቅበትም።

ታናሽሽ


ነሐሴ 3፣ ከጣቢያው

ቆቅዬ፣

አልቆመም። «አለሁ፣ አለሁ» እያለ ሁለት ቀን ዋለ አደረ፤ ወንዙ እንደ ኩሬ ረግቶ ሳለ አንድ ቁጥር አልጎደለም። ከዚያ ሆን ብዬ «አለሁ» የምትለዋን አጠፋኋት። ምሳዬን ሳልጨርስ ካርዱ ቀጥ አለ። እንግዲህ በሽታው ዝምታ ነው። እጅሽን ስሜዋለሁ።

ደስ ብሎኝ ለጋሼ ነገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ ፂማቸውን እያሻሹ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ታዲያ በበጋ ምን ነክቶት ነው ያልቆመው?» አሉኝ።

በበጋ ወንዙ ለወራት ረግቶ ነበር፤ ቁጥሩ በየሰዓቱ ብቻ ነበር የሚላከው። ካርዱ ያው ነው፣ ኮምፒውተሩ ያው ነው፣ ድራይቨሩም እስክትልኪልኝ ድረስ ያው ነበር። አንድም ቀን አልቆመም። ምን ያናግረው ነበር? ጋሼ ሄዱ፣ እኔ ግን ሥራ የፈታውን የራሴን ማይክ እያየሁ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ገባኝ። እኛ ነበርን። መስመሩ ክፍት ስለነበረ እኔ ብተኛም ክፍሌ ወደናንተ ይላክ ነበር፤ የወንዙ ድምፅ፣ ሳሌ፣ የወንበሬ መንቋቋት፣ ሁሉ ይሄድ ነበር። ካርዱ የሚተኛበት ፋታ አልነበረውም። መስመሩ በተዘጋ ሰሞን ነው የታመመው።

እኔ እዚህ ሐሳብ ላይ እስክደርስ ድረስ አንቺ ሳይገባሽ የምትቀሪ ሰው አይደለሽም። ቆቅ ያልንሽ በከንቱ አይደለም። «ሥራ መፍታት ነው» ብለሽ በጻፍሽበት ቀን መስመሩ ትዝ ብሎሻል፤ ግን ዘለልሽው።

ስለዚህ አንዴ ብቻ እጠይቅሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ አልመለስበትም። ማይኩ አልተበላሸም አይደል? ምን እንዳልሰማ ነው የዘጋሽው? ልጄ ታማ ከሆነ ንገሪኝ። ወድቃ የሆነ ነገር ሆና ከሆነ ንገሪኝ። አባቷ መጥቶ ወስዷት ከሆነም ንገሪኝ። እዚህ ሆኜ ያላሰብኩት ክፉ ነገር የለም፤ ከነዚህ ሁሉ አንዱ ብቻ ነው እውነት የሚሆነው፣ እሱን ንገሪኝና ከሌሎቹ አሳርፊኝ።

ወረቀቱ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሳልሰማሽ አልፈርምም፣ ሳልሰማሽ አልቀድም።

እህትሽ


ነሐሴ 8፣ ከቤት

እትዬ፣

መጀመሪያ ይህን አንብቢ፦ ድንቡሼ አልታመመችም፣ አልወደቀችም፣ ማንም አልወሰዳትም። አሁን እግሬ ሥር ተቀምጣ ጫማዬን አውልቃ ለራሷ እያጠለቀች ነው። ይህን ሳልጽፍልሽ በዚያ ሐሳብ እንድትሰነብቺ በማድረጌ ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅሽ አላውቅም።

የካርዱን ነገር ልጨርስልሽ፣ ከዚያ የራሴን እነግርሻለሁ። ድራይቨሩ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ካርዱ ሥራ ሲፈታ ያስተኛዋል። ሲቀሰቅሰው መቀበያውን ያስነሳል፣ መላኪያውን ግን መልሶ ማስጀመር ይረሳል። አንድ መስመር ነው የጎደለው። አንቺ የምትልኪው ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃል፣ በር የሚከፍትለት የለም። ያቺን መስመር ጨምሬ አዲሱን ድራይቨር በፍላሽ ልኬልሻለሁ። ከእንግዲህ ቢተኛም ይነሳል። ለካርዱ ሲባል የሚከፈት መስመር አያስፈልግም።

ማይኩ አልተበላሸም። ነቅዬው ቁምሳጥን ውስጥ ነው ያለው።

ከደረጃው በታች ያለው የጎረቤት ልጅ ከጨዋታ ሲመለስ «እማዬ» ብሎ ይጠራል፣ በር ይከፈትለታል። ድንቡሼ ይህን በየቀኑ ታየዋለች። አንድ ቀን ቆሻሻ ልጥል ወርጄ በሩ ተዘግቶባት ቀረ። ከውስጥ ሆና በሩን እየደበደበች «እማዬ» አለችኝ። ከፈትኩት። ተጠመጠመችብኝ። መስመሩ ክፍት ነበር፤ አንቺ ወደ መለኪያው ወርደሽ ስለነበር አልሰማሽም። የማይኩን ገመድ ነቀልኩት። ከዚያ በኋላ ለኔ ሌላ ስም የላትም፣ ቀኑን ሙሉ እሱኑ ነው።

ላስተካክላት ሞክሬያለሁ እትዬ። «አክስቴ በይኝ» እላታለሁ፣ ትስቅብኛለች። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶሽን እያሳየሁ «ይቺ ማናት?» ስላት «ፎቶ» ትለኛለች። እንዴት ብዬ ነው ይህን በወረቀት የምጽፍልሽ?

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ እሱን ካልጻፍኩ ከዚህ በፊት የጻፍኩት ሁሉ ሐሰት ነው። ፈርሚ ያልኩሽ ላንቺ ብዬ አይደለም። ስትጠራኝ ደስ ይለኛል። እደነግጣለሁ፣ አፍራለሁ፣ ግን ደስ ይለኛል። ሁለት ዓመት ሲባል በልቤ የቆጠርኩት ላንቺ አልነበረም። እህቴ ነሽ፣ አሳድገሽኛል፣ ይህን አሰብኩብሽ። የፈለግሽውን በይኝ፣ ይገባኛል። ብቻ ዝም አትበይኝ።

ቆቅ


ነሐሴ 14፣ ከጣቢያው

ለእህቴ፣

አዲሱን ድራይቨር ጫንኩት። ወንዙ ረግቷል፣ ካርዱ ተኝቶ ይነሳል፣ ቁጥሩ በሰዓቱ ይሄዳል። አለቃችን ሌሎቹ ጣቢያዎች ሁሉ እየሰሙ ስምሽን በሬዲዮ ጠርቶ አመስግኗል።

ቀስበቀስ ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ ፊቴን አይቶ «ክፉ ወሬ ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። ከዚያ የተቆጣሁበትን ደብዳቤ ጻፍኩልሽ፣ አራት ገጽ ነበር፣ መባል የሌለበት ብዙ ነገር ነበረበት። አንብቤ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ይህ የቀረው ነው።

ልጄ በሩን ስትደበድብ የከፈትሽላት አንቺ ነሽ። እኔ ወንዝ ስለካ ነበርኩ። ማንን ልትጠራ ኖሯል? ይህን አውቃለሁ፣ አእምሮዬ ያውቀዋል። ሆዴ ግን አልሰማም አለ፤ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። «እማዬ» የምባልበትን ድምፅ አንድም ቀን ሳልሰማው ለሌላ ሰው ሆነ። ላንቺ በመሆኑ ይቀለኛል? አላውቅም። አንዳንዴ ይቀለኛል፣ አንዳንዴ ይብስብኛል።

ማይኩን ከቁምሳጥን አውጪው። ለካርዱ አያስፈልግም ብለሻል፤ እኔ ያስፈልገኛል። የምሰማውን እሰማለሁ። ከመስማት ያለመስማት የሚብስ መሆኑን በዚህ ክረምት ተምሬያለሁ።

እህትሽ


ነሐሴ 24፣ ከጣቢያው

ቆቅዬ፣

መስመሩ ተከፍቶ ሳለ ለምን ወረቀት ታባክናለች ትይ ይሆናል። ድንቡሼ አጠገብሽ እያለች በማይክ የማይወራ ነገር ስላለኝ ነው።

ሰኞ ጧት ምሰሶውን አንብቤ ስመለስ ክፍሌ ውስጥ ቤታችሁ ነበር። ፍሪጁ፣ የምትከፍቺው ውሃ፣ ያ የሚንሸራተት ጫማሽ። በር ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። ጭቃዬን ሳላራግፍ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ጠራችሽ። «እማዬ» አለች፤ ድምጿ እንዲህ የጎረነነ መሆኑን ማን ነገረኝ? የሕፃን ድምፅ ስጠብቅ የሰው ድምፅ ሆኖ መጣ። ውሃውን ዘጋሽው። ሌላ ምንም አልተሰማም። እኔ እየሰማሁ መሆኔን አውቀሽ ትንፋሽሽን እንደያዝሽ ገባኝ። ደግማ ጠራችሽ። ዝም አልሽ። እዚያው ከፊቷ ቆመሽ እንደነበር አውቃለሁ። ሦስተኛውን ስትጠራ ድምጿ ቀጥኖ ነበር፣ እንደጠፋ ሰው። አላስቻለኝም። «ወዬ» አልኩ፣ ከወለሉ ላይ ሆኜ፣ «ወዬ የኔ እናት» አልኩ።

ከዚያ «ሳጥኑ አወራ» አለችሽ። አንቺ ሳቅሽ፣ እኔም እዚህ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ያንቺ ሳቅ ወደ ልቅሶ ሲዞር ሰማሁት፤ የኔንም ሰምተሽዋል መሰለኝ።

የአለቃችንን ወረቀት ሳልፈርም መልሼዋለሁ። ተተኪዬ ዝናቡ እንዳቆመ ይመጣል፤ ሥራውን አሳይቼው ከቀስበቀስ ጋር እወርዳለሁ። ልጄን ልቀማሽ የምመጣ አይምሰልሽ። ቤቱ ውስጥ ለሦስት ሰው ቦታ አለ፤ ከሌለም እንጣበባለን። ስደርስ ታውቀኛለች ብዬ አልጠብቅም። መጀመሪያ ሳጥኑ ውስጥ የነበረችው ሴትዮ ነኝ፣ ከዚያ ቀስ እያልኩ ሌላ ነገር እሆናለሁ። ስለ ሁለቱ ዓመት ያሰብሽውን አንስቼብሽ አላውቅም፣ አላነሳብሽምም። ባንቺ ቦታ ሆኜ እንዲህ ብወዳት እኔም አስበው ነበር።

እስክመጣ ግን አንድ ነገር አስቸግርሻለሁ። እኔ እየሰማሁ ነው ብለሽ ልጄን መልስ አታሳጫት። ይከፋኛል፣ አልዋሽሽም፤ ምናልባት በየቀኑ ይከፋኛል። እሷ ጠርታ መላሽ ስታጣ ከምሰማ ግን የኔ መከፋት ይሻላል። ስትጠራሽ ጮክ ብለሽ፣ እኔም እየሰማሁ፣ ወዬ በያት።

እህትሽ